የቅንጣት አጋጪዎች የጨረር ጉልበት እንዴት ይለካል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ ሻይ ስንጠጣ ፊዚክስ ማጥናቴን የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የጨረር ጉልበት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቅንጣት አጋጪ ማለት ኤሌክትሮን ወይም ፕሮቶን የመሳሰሉ ቅንጣቶችን አየር በተመጠጠለት ቧንቧ ውስጥ እያስሮጠ ፊት ለፊት የሚያላትም ማሽን ነው። ትልልቆቹ ክብ ናቸው። ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ አይሄዱም። በቢሊዮን የሚቆጠሩት አንድ ላይ ተጠጋግተው፣ ቀጭን ክር ሠርተው ይበራሉ። ጨረር የምንለው እሱን ነው። የጨረሩ ጉልበት ስንል ደግሞ የሁሉንም ድምር ሳይሆን አንዷ ቅንጣት በአማካይ የያዘችውን ነው።

መለኪያው ኤሌክትሮን ቮልት ይባላል። የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው አይደል? አንድ ኤሌክትሮን ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያገኘው ጉልበት 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሚሊዮኑ ሜጋ፣ ቢሊዮኑ ጊጋ፣ ትሪሊዮኑ ቴራ ነው። ከዚህ በኋላ «45 ጊጋ» ብቻ ካልኩ 45 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ማለቴ ነው፤ ሙሉውን ስጽፍ ጣቴ ይደክማል።

ይሄ ብዙ ጉልበት ነው ወይስ ትንሽ?

ሁለቱም። ጄኔቭ አጠገብ ያለው ኤል ኤች ሲ የሚባለው ትልቅ አጋጪ አንዷን ፕሮቶን 6.8 ቴራ ድረስ ያደርሳታል። ወደ ጁል ስትቀይሩት የአንድ ጁል ሚሊዮንኛ ነው፤ የምትበር ቢምቢ የምትይዘው ያህል። ግን ፕሮቶኗ ከቢምቢዋ ስንት ጊዜ እንደምታንስ አስቡት።

ጨረሩን በሙሉ ስትደምሩት ነገሩ ይለወጣል። ኤል ኤች ሲ ሲሞላ አንዱ ጨረር ከ300 ሚሊዮን ጁል በላይ ይይዛል። በዚህ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ውሃ ከቀዝቃዛው ተነስቶ ይፈላል። (እዚህ ከተማ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ትንሽ ረድቶኛል።) ከዚህ በታች የምናወራው ግን ስለ አንዷ ቅንጣት ነው።

ለምንድነው በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚለካው? በግምት አይበቃም?

ለአንዳንዱ ይበቃል። አዲስ ቅንጣት አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ግምት ይሠራል። የቅንጣቱን ክብደት እናውጣ ስትሉ ነው ጣጣው የሚመጣው። (አስተማሪዬ «መጠነ ቁስ በል» ይሉኝ ነበር፣ ልክ ናቸው፣ እኔ ግን እዚህ ክብደት እያልኩ እቀጥላለሁ።)

ጥሩው ምሳሌ ዜድ ቦዞን የሚባለው ከባድ ቅንጣት ነው። ሰርን በሚባለው የጄኔቭ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ከ1989 እስከ 2000 ሌፕ የሚባል 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማሽን ነበር፣ ዛሬ ኤል ኤች ሲ ያለበት ዋሻ ውስጥ። ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን (ቻርጁ ተቃራኒ የሆነውን የኤሌክትሮን መንትያ) ያጋጭ ነበር። ጉልበት ወደ ክብደት ስለሚቀየር ሁለቱም በአንድ መለኪያ ይጻፋሉ። የሁለቱ ጉልበት ሲደመር ከዜድ ክብደት ጋር ከገጠመ ዜድ እንደ ጉድ ይፈጠራል፤ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ እየቀያየሩ ስንት ዜድ እንደተፈጠረ ይቆጥራሉ። ግራፉ ተራራ ይሠራል፤ ጫፉ ያለበት ቦታ የዜድን ክብደት ይነግራችኋል። አሁን ልብ በሉ፦ የግራፉ አግድም መስመር ራሱ የጨረሩ ጉልበት ነው። እሱ 10 ሜጋ ከተሳሳተ የዜድ ክብደትም አብሮ ይሳሳታል። አንድ ሚሊዮን ዜድ ቁጠሩ አሥር ሚሊዮን፣ ስህተቱ ንቅንቅ አይልም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ሚዛኑ የተዛባ ከሆነ ቀለበቱን መቶ ጊዜ ብታስመዝኑ ምን ትርፍ አለው?

በመጨረሻ የወጣው ቁጥር 91.1876 ጊጋ ነው፣ ስህተቱ 2.1 ሜጋ። የ70 ኪሎ ሰውን በአንድ ግራም ተኩል ልዩነት እንደመመዘን ነው። ይህ ቁጥር ለመዝገብ ብቻ አልወጣም፤ የዘመኑ የቅንጣት ፊዚክስ ስሌት በሙሉ ከሚነሳባቸው ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ነው። ቶፕ ኳርክ የሚባለው ቅንጣት በ1995 ከመገኘቱ በፊት ክብደቱ የት አካባቢ እንደሚሆን የጠቆሙት እንዲህ ያሉ ልኬቶች ናቸው።

እሺ፣ ጉልበቱን የሚያሳይ ሜትር አለ?

የለም። መኪና ላይ እንዳለው ቀስት እየተወዛወዘ የሚያሳይ ነገር የለም። የመጀመሪያው መንገድ ማግኔቶቹን መለካት ነው። ቀለበቱ ላይ ቅንጣቷን የሚያጥፏት ማግኔቶች ተደርድረዋል። ጉልበቷ በጨመረ ቁጥር ለማጠፍ ጠንካራ የማግኔት መስክ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመላው ዙር ላይ ያለውን መስክ ብትደምሩ ጉልበቱን ታገኛላችሁ።

መስኩን ለመለካት የሚጠቀሙበት ዘዴ ሆስፒታል ካለው ኤም አር አይ ጋር አንድ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ የሃይድሮጅን አስኳል 1 ቴስላ መስክ ውስጥ በሰከንድ 42.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥራችሁ መስኩን ታወጣላችሁ። በጣም ትክክል ነው። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የለካችሁት መሣሪያው የተቀመጠባትን ነጥብ ብቻ ነው። ሌፕ ከ3,000 በላይ አጣፊ ማግኔቶች ነበሩት፣ እነሱም ድፍን ብረት ሳይሆኑ በብረት ንጣፎች መካከል የሲሚንቶ ሞርታር የተሞላባቸው። ሙቀት ሲለወጥ ይለወጣሉ፣ ሲያረጁ ይለወጣሉ። ጥቂቶቹን ለክቶ ስለ ሁሉም መናገር ከተወሰነ ትክክለኛነት በላይ አያስኬድም።

ፍጥነቱን ለክቶ ማስላት አይቀልም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሐሳቡ ደህና ነው፣ አይሠራም እንጂ። 45.6 ጊጋ ያለው ኤሌክትሮን ከብርሃን የሚዘገየው በሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ በአውራ ጣት ስፋት ነው የሚቀደመው። ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጉት ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ማለትም ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ምንም አላለም። ለፕሮቶን ግን አንድ ብልሃት አለ፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ታዲያ እጅግ ትክክለኛው ዘዴ የቱ ነው? ስፒን ሲባል እሰማለሁ።

አዎ፣ ስፒን ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው። ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፣ ዘንግ አለው። የማግኔት መስክ ውስጥ ሲገባ ዘንጉ እንደ እንዝርት ያከባል፤ እንዝርት ሊወድቅ ሲል አናቱ ክብ እየሠራ እንደሚዞረው ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ ይዞራል? መልሱ የተንጠለጠለው በጉልበቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ 440.65 ሜጋ አንድ ተጨማሪ ዙር ይሰጣል። ሌፕ ላይ በ45.6 ጊጋ 103 ተኩል ገደማ ዙር ይመጣል። የቀለበቱን ቅርፅ፣ የማግኔቱን ዓይነት፣ የሲሚንቶውን ዕድሜ ማወቅ አያስፈልግም። 440.65 የሚለው ቁጥር የተፈጥሮ ነው፣ የኤሌክትሮንን ማግኔትነት በጣም በትክክል ስለምናውቀው።

ዘንጎቹ ግን መጀመሪያ በየአቅጣጫው ነው የሚያዩት፣ አማካያቸው ዜሮ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ኤሌክትሮን ሲታጠፍ ብርሃን ይረጫል፣ በዚያም ሂደት ዘንጉ ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ሶኮሎቭና ቴርኖቭ የሚባሉ የሶቪየት ፊዚክስ ሰዎች በ1960ዎቹ ያሰሉት ነው፤ ሁሉ ነገር ቢመች እስከ 92.4 በመቶ ይደርሳል። ሌፕ ላይ ሰልፉን ለማስያዝ በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ይፈጃል፣ የሚገኘውም ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ለልኬት ግን ጥቂት በመቶ ይበቃል። ሰልፉ መኖሩን የሚያዩት ሌዘር አብርተውበት ነው። ከዚያ ትንሽ ማግኔት ይዘው ጨረሩን በየዙሩ ነካ ነካ ያደርጉታል፣ የመንካቱን ድግግሞሽ ቀስ እያሉ እየቀየሩ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በትክክለኛው ምት ካልገፋችሁት አይንቀሳቀስም፤ ምቱ ሲገጥም ግን ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። እዚህም ድግግሞሹ ከዘንጉ ዙር ጋር የገጠመ ዕለት ሰልፉ ይፈርሳል። የፈረሰበትን ድግግሞሽ ትጽፋላችሁ። ጉልበቱ ተገኘ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ዘዴ የሚሰጠው የዙሩን ክፍልፋይ ብቻ ነው፤ «103» የሚለውን ሙሉ ቁጥር ከማግኔቶቹ ነው የምታገኙት። በዚያች ቅጽበት ያለው ትክክለኛነት ከ45,600 ሜጋ ውስጥ 0.2 ሜጋ ገደማ ነው። መጀመሪያ የተሠራበት ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ኖቮሲቢርስክ ነው፣ በ1970ዎቹ፤ ሌፕ ላይ በ1991። ተማሪ እያለሁ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ አሮጌ መልቲሜትር ነበር፣ አዲስ ባትሪ ብንለካበት 1.9 ቮልት አለን፤ ፔንዱለም ግን 50 ውዝዋዜ ቆጥረን በስልክ ሰዓት ስናካፍል መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ። ነገሩ እዚያ ጋ ነው ያለው። ሜትር ይዋሻል፣ ቆጠራ ግን ለመዋሸት ይቸገራል። የስፒኑ ዘዴ ጉልበትን ወደ ቆጠራ የቀየረ ነው።

ጨረቃ ጨረሩን ታዛባለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በ1992 ኅዳር ላይ ሙሉ ቀን ቁጭ ብለው አይተውታል። ጨረቃና ፀሐይ ባሕሩን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩንም ይስባሉ። ጄኔቭ አካባቢ መሬቱ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁላችንም አብረን ስለምንወጣና ስለምንወርድ አይታወቀንም። በዚህ ምክንያት የሌፕ ዙሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ከ27 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር!

ታዲያ ይቺ ሚሊ ሜትር ምን አመጣች? ጨረሩ አንድ ዙር የሚጨርስበትን ጊዜ የሚወስነው የሚገፋው የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ እሱ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፣ ድግግሞሹ አይለወጥም። ስለዚህ ጨረሩ የሚሄደው ርቀት አንድ ነው። ቀለበቱ ሲሰፋ ጨረሩ አብሮ መስፋት ስለማይችል ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ያልፋል፣ ጨረሩ እንዳይበተን ከሚሰበስቡት የማተኮሪያ ማግኔቶች መሐል ይወጣል፣ መስካቸውም ጉልበቱን ዝቅ ያደርገዋል። ከመቶ ሚሊዮን አራት እጅ እንኳ የማይሞላው የዙሪያ ለውጥ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ 5,000 ጊዜ ገደማ ጎልቶ 10 ሜጋ ያህል ይሆናል። ጠቅላላ ስህተታችን 2 ሜጋ እንዲሆን እየፈለግን፣ ጨረቃ ብቻዋን 10 ታወዛውዘናለች ማለት ነው። ደግነቱ ጨረቃ የት እንደምትሆን አስቀድሞ ይታወቃል፣ ስለዚህ ይቀነሳል።

ሐይቁና ዝናቡስ?

እነሱም አሉበት። የጄኔቭ ሐይቅ ሲሞላ ክብደቱ መሬቱን ይጫናል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥልም አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቀለበቱ በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ ይለወጣል። እንደ ጨረቃ በቀመር አይገኝም፤ ጨረሩ የት ቦታ እንደሚያልፍ እያዩ ነው የሚያርሙት።

ባቡሩ የሚባለው ታሪክ ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። በ1995 ማግኔቶቹ ውስጥ የተቀመጡት መለኪያዎች መስኩ ቀን ቀን ሲረበሽና ቀስ እያለ ሲጨምር አሳዩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፀጥ ይላል፣ ንጋት ላይ ይጀምራል። ምን ሊሆን ይችላል? የሰው እንቅስቃሴ ነው፣ ግን የቱ? በመጨረሻ የረብሻውን ሰዓት ከባቡር ፕሮግራም ጋር ሲያስተያዩት ከጄኔቭ ወደ ፓሪስ የሚነሳው ፈጣን ባቡር እግር በእግር ተገኘ።

ያ መስመር በቀጥተኛ ጅረት ነበር የሚሠራው። ጅረቱ በሐዲዱ መመለስ ሲገባው ከፊሉ ወደ መሬት ያፈተልካል፣ የሚቀለውን መንገድ ይፈልጋል፣ 27 ኪሎ ሜትር የብረታ ብረት ቧንቧ ሲያገኝ ደግሞ ለምን ይለፈዋል? በሌፕ ቧንቧ ላይ 1 አምፔር ገደማ ይሄድ ነበር። 1 አምፔር የስልክ ቻርጀር ነው። ግን የሌፕ አጣፊ መስክ 0.05 ቴስላ ገደማ ብቻ ነበር፣ ስፒከር ውስጥ ያለው ማግኔት በብዙ ይበልጠዋል፣ እና በደካማ መስክ ላይ ትንሽ ረብሻም ትሰማለች። ብረቱ ደግሞ ትዝታ አለው፤ በተነካ ቁጥር ወደነበረበት አይመለስም፣ ጤፍ የተሞላ ጣሳ ሲንቀጠቀጥ እንደሚጠቀጠቀው ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ውጤቱ በቀን ውስጥ ጥቂት ሜጋ ጭማሪ።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ የስፒን ልኬቱ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ግጭቱ ካለቀ በኋላ፣ በጨረሩ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ነበር። መስኩ ቀን ሙሉ ጨምሮ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የሚለካው ሰዓትና ዜዶቹ የተፈጠሩበት ሰዓት ጉልበት አንድ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በተጨማሪ ማግኔቶች ውስጥ መለኪያ ተቀመጠ፣ የቀድሞዎቹ ዓመታት መረጃም ታረመ።

አዲስ አበባ ላይ ቢሠራስ?

ይህን የሚጠይቁኝ እየሳቁ ነው፣ እኔ ግን ካርታ ላይ አስቤዋለሁ። መስቀል አደባባይን መሐል አድርጋችሁ የሌፕን ያህል ክብ ብትስሉ በሰሜን በስድስት ኪሎ በኩል፣ በምሥራቅ በመገናኛ፣ በምዕራብ በጦር ኃይሎች ያልፋል፣ በደቡብ ጎተራን ትንሽ ይሻገራል። ይኸው ነው የማሽኑ ትልቅነት። ጨረሩ ይህን ዙር በሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይጨርሳል፤ እኛ ከጦር ኃይሎች መገናኛ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብን አላነሳም።

የጨረቃው ነገር ይብስብናል። የመሬት ከፍ ዝቅ ማለት ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ይጨምራል፣ እኛ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ነን። ባቡርም አለን። ከ2015 ጀምሮ በስታዲየምና በሜክሲኮ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው የሚሠራው፣ ክቡን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በተለዋዋጭ ጅረት ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙም አያሰጋም። እንግዲህ ልኬታችንን ቀላል ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሌሊት ላይ ማድረግ ሊኖርብን ነው፣ መብራት ካለ።

የስፒን ዘዴው ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሌም አይጠቀሙበትም?

ጉልበቱ ሲጨምር ሰልፉ አይያዝም። በጨረሩ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ጉልበት ሁሉም ትክክል እኩል አይደለም፣ የተበተነ ነው። ብትንትኑ ከ440 ሜጋ ጋር ሲቀራረብ የአንዱ ዘንግ ከሌላው ይለያያል፣ ሰልፉም ይበተናል። ሌፕ ላይ ከ60 ጊጋ አካባቢ በላይ ዘዴው አልሠራም። ማሽኑ ግን በኋላ ደብሊው ቦዞን የሚባለውን ሌላ ቅንጣት ክብደት ለመለካት ከ80 ጊጋ በላይ ወጥቶ መጨረሻ ላይ 104.5 ደርሷል። ምን አደረጉ? ዝቅ ባለው ጉልበት ማግኔቶቹን ከስፒኑ ጋር አመሳከሩና ወደ ላይ በቀመር ዘረጉት። መዘርጋት ያው መዘርጋት ነው፣ ትክክለኛነቱ ወረደ።

ሌዘር የሚጠቀሙስ አሉ?

አሉ፣ በተለይ ዝቅ ያለ ጉልበት ባላቸው ማሽኖች። ቤይጂንግ ያለው አጋጪ ላይ የሌዘር ብርሃን ፊት ለፊት ከኤሌክትሮኖቹ ጋር ያጋጫሉ። ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣ ጋማ ጨረር ሆኗል። ሌዘሩ 0.11 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የነበረው፣ 1.78 ጊጋ ካለው ኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ እስከ 5 ሜጋ ተኩል ገደማ ድረስ ይወጣል። ከዚያ በላይ ግን አንድም የለም፣ ልክ ገደል እንዳለ ቁርጥ ይላል። ገደሉ ያለበትን ቦታ በጀርማኒየም መለኪያ ካወቃችሁ የኤሌክትሮኑን ጉልበት አገኛችሁ። የታው ቅንጣትን ክብደት በ2014 ያሳተሙት በዚህ መንገድ ነው፣ 1776.91 ሜጋ። ሰልፍ መጠበቅ ስለሌለበት ግጭቱ እየተካሄደ መለካት ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኤል ኤች ሲ ላይስ እንዴት ነው?

ፕሮቶን እንደ ኤሌክትሮን አይሰለፍም። በጣም ከባድ ስለሆነ የሚረጨው ብርሃን ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የስፒኑ መንገድ ዝግ ነው። ግን ደግሞ ያን ያህል አያስጨንቅም። ፕሮቶን ከረጢት ነው። ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚላተሙት ውስጣቸው ያሉት ኳርኮችና ግሉዖኖች ናቸው፣ እያንዳንዱም ከጠቅላላው ጉልበት ያልታወቀ ድርሻ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚያ የቅንጣት ክብደት የሚወጣው ከጨረሩ ጉልበት ሳይሆን ከግጭቱ በሚወጡት ፍርስራሾች ነው። በ2022 ከአሜሪካው ቴቫትሮን አጋጪ መረጃ የወጣውና ብዙ ክርክር ያስነሳው የደብሊው ክብደትም እንዲሁ ነው።

አሁን ቅድም ወደ ቀጠሮ ያሳደርኩት ብልሃት። ቀለበቱ ውስጥ ፕሮቶንና የእርሳስ አስኳል አስገቡ፣ በአንድ ዓይነት ማግኔት። እርሳሱ ለያዘው ቻርጅ ሲታይ ከፕሮቶን ስለሚከብድ ትንሽ ይዘገያል። የሁለቱን የዙር ድግግሞሽ ልዩነት ስትቆጥሩ ጉልበቱ ይወጣል። 450 ጊጋ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ከፍ ሲል ሁለቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት ስለሚጠጉ ልዩነቱ ይጠፋል። ወደ ላይ ያለውን 1,232ቱን ማግኔቶች በጥንቃቄ በመለካት ነው የሚሞሉት፤ በ2017 ይፋ የሆነው ትክክለኛነት 0.1 በመቶ ነው። ከሌፕ ጋር ሲተያይ ሻካራ ነው፣ ለሥራው ግን በቂ ነው።

የጨረሩን ጉልበት ካወቅን የግጭቱን ጉልበት በሁለት ማባዛት ብቻ ነው፣ አይደል?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ሁለቱ ጨረሮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ጃፓን ያለው ሱፐር ኬክ ቢ 7 ጊጋ ኤሌክትሮንን ከ4 ጊጋ ፖዚትሮን ጋር ያጋጫል። ድምሩ 11 ነው፣ ለግጭቱ የሚውለው ግን 10.58 ብቻ፤ ሁለቱን አባዝታችሁ፣ ካሬ ሥሩን ወስዳችሁ፣ በሁለት ታባዛላችሁ። ቀሪው ፍርስራሹ ወደ አንድ ጎን እየበረረ እንዲሄድ ይውላል።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ስፒኑ የሚነግራችሁ የመላውን ዙር አማካይ ነው። ኤሌክትሮን ግን በየመታጠፊያው ብርሃን እየረጨ ጉልበት ይከፍላል፤ ሌፕ ላይ በ45.6 ጊጋ በአንድ ዙር 125 ሜጋ ያህል ይከስር ነበር። ኪሳራው የሚሞላው ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የሬዲዮ ሞገድ ክፍሎቹ የነበሩት ግጭቱን ከሚመዘግቡት አራት የሌፕ ሙከራዎች ኤልስሪና ኦፓል የሚባሉት ባሉባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበር። ስለዚህ ጉልበቱ በቀለበቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እነዚያ ቦታዎች ሲደርስ ብድግ ይላል። አራቱ ሙከራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው እርማት ያስፈልጋቸው ነበር።

ብትንትኑ በአስር ሜጋዎች ከሆነ አማካዩን በ1 ሜጋ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሌፕ ላይ ሁለቱ ጨረሮች ሲጋጩ የግጭቱ ጉልበት ብትንትን 55 ሜጋ አካባቢ ነበር። ታላቁ ሩጫን አስቡት፤ የሚሮጠውና ፎቶ እያነሳ የሚራመደው በጣም ይራራቃሉ፣ ያም ሆኖ ሺዎች ስለሆኑ አማካዩ በጣም በትክክል ይታወቃል። ይህ የመልሱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ይበልጣል፦ እዚህ አንዱ ሯጭ ሁሌ ፈጣን፣ ሌላው ሁሌ ዘገምተኛ አይደለም። የሬዲዮ ሞገዱ ከአማካይ በላይ ያለችውን ቅንጣት ወደ ታች፣ በታች ያለችውን ወደ ላይ ይመልሳል፤ እያንዳንዷ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ሁሉም በዚያው አንድ አማካይ ዙሪያ። ዘንጓ የሚያከማቸው ዙር ስለዚህ የቅጽበቷን ሳይሆን የአማካዩን ጉልበት ነው የሚከተለው።

ብትንትኑ የዜድን ክብደት ብዙም አይነካም፣ ተራራው በሁለቱም ጎን ነው የሚሰፋው። የሚነካው ስፋቱን ነው፣ የዜድ ስፋት ደግሞ ከጫፉ ቁመት ጋር ሆኖ ኒውትሪኖ ከሚባለው ቅንጣት ሦስት ቀላል ዓይነት ብቻ እንዳለ የተነገረበት ቁጥር ነው፣ 2.495 ጊጋ። ስለዚህ ብትንትኑም መለካት ነበረበት። ያገኙት ደግሞ ከግጭቱ ቦታ ርዝመት ነው፤ ጉልበታቸው በተበተነ ቁጥር የቅንጣቶቹ ክምችት ይረዝማል፣ ግጭቶቹም በዚያው ልክ በቧንቧው ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። እነዚያን ነጥቦች ሙከራዎቹ ራሳቸው በየቀኑ ይመዘግቡ ነበር።